የዝናሽ አባት፣ የተማርኸው ለምን ነበር?

የዝናሽ አባት፣ የቤቴ ጌታ፤

አፈር ከለበስህ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ሙት ዓመትህን ባለፈው የካቲት አውጥተናል። ጠላው ቀጭን፣ ዳቦውም ስስ ነበር፤ ግን ማንም አልታዘበንም፣ የማን ቤት ከማን ቤት ተሽሎ! በሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻችን ስንሆን አንተ እያልሁህ ነው የኖርሁት። ዛሬም ለብቻችን ነን ብዬ አንተ እልሃለሁ። ፊደል ያስቆጠርኸኝ ራስህ ነህና ጽሑፌ ቢንጋደድ አስተማሪዬን ውቀስ።

ዝናቡ ዘንድሮ መጥቷል። ያን ጊዜ ምህላ ይዘን፣ ታቦት አውጥተን የለመንነው ዝናብ ሰው ካለቀ፣ ከብት ካለቀ በኋላ መጥቶ ደጃችንን አረንጓዴ አደረገው። አያምርም አልልህም፤ ግን ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። አባትህ ባንተ ሐዘን ብዙ አልቆዩም፣ ከጎንህ ናቸው። እናትህ ዓይናቸው ፈዟል። ሲያለቅሱህ በአማርኛ አያለቅሱም፣ አፍ በፈቱበት በኽምጣኛ ነው፤ ከአንተ ጋር ሲሆኑ ያወሩ እንደ ነበረው። የመጻሕፍትህን ሣጥን ደግሞ ምስጥ ገባበት። ስከፍተው ግማሹ አፈር ሆኗል። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። ምን እንደ ተማርህ ከእኔ ይልቅ ምስጡ ሳያውቅ አልቀረም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዝናሽ ነው። ልጅህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አለፈች። ወሬውን ያመጣልን ባለሱቁ ጎረቤታችን ሰይድ ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ደሴ ወርዶ ሰምቶ ገና ከበቅሎው ሳይወርድ እልል በይ አለኝ። እልል አልሁ። እልልታዬ ግን ልጅቱ ቤት እስክትገባ ድረስ ብቻ ነበር። ምን ልትማሪ አሰብሽ ብላት አባቴ የተማረውን አለችኝ። አዲስ አበባ ገብታ ታሪክና ፍልስፍና ልትማር። ታላቅ ወንድምህ አያ ኃይሉ ደግሞ ነርስነት ካልሆነ ከሰቆጣ አትወጣም ብለዋል፤ ስንቋን አሰናድተው መንገድ የሚያወጧትም እሳቸው ናቸው። አያ ኃይሉ ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃለህ። ወንድሜን አንዴ በዚህ ትምህርት ቀብሬአለሁ፣ የወንድሜን ልጅ አልቀብርም ነው የሚሉት። ግን አባቷ ቢኖር ቃሉን የሚሰጥ እሱ ነበር፣ አሁን ቃሉ የአንቺ ነው ብለው ነገሩን በእኔ ላይ ጥለውት ሄዱ። እኔ ደግሞ ቃል የምሰጠው አንተ ምን እንደ ተማርህ፣ ለምንስ እንደ ተማርህ ሳውቅ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖሬ አላውቀውም።

ያ ፎቶግራፍ ትዝ ይልሃል? ዝናሽ ድክ ድክ ስትል ነበር ትተኸን አዲስ አበባ የገባኸው። ክረምት እየመጣህ በመስከረም እየሄድህ ከረምን፤ በመጨረሻው ዓመት ግን አንተ ቀርተህ ፎቶግራፍህ መጣ። መንገደኛ ነጋዴ ነበር ያደረሰልን፣ ወሬ እንኳ ሳይጨምር አልፎ ሄደ። ጥቁር ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚትህ ለብሰህ፣ ጥቁር ቆብ ደፍተህ ቆመሃል። እናትህ አንዴ አይተው ከእጃቸው ጣሉት። ልጄ መነኮሰ ብለው ጮኹ። እኛ አገር ጥቁር ለብሶ ቆብ የሚደፋ ሌላ ማን አለ? መነኩሴ ደግሞ ለዓለም የሞተ ነው፣ በቁሙ ፍትሐት ይደገምለታል። እንግዲያው ለቀስተኛው መጣ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥሁ። የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ መጥተው እግዚአብሔር የመረጠው ነው፣ አታልቅሺ አሉኝ። እኔ ግን አለቀስሁ። ሌላ ሴት ወስዳህ ቢሆን ተሟግቼ አስመልስህ ነበር፤ ከእግዚአብሔር ጋር በየትኛው ችሎት እገጥማለሁ?

ከዚያ አንተ በኮረም መንገድ ከች አልህ፣ በደኅና፣ ከሲታ ሆነህ፣ መነጽር አድርገህ። እናትህ ደረትህን እየደቁ ሳቁም አለቀሱም። ቆቡ የታለ ብለው ሲጠይቁህ የተመረቀ ሰው ለአንድ ቀን ተውሶ ለብሶት ይመልሰዋል አልሃቸው። ይህ ወሬ ገበያ ደረሰ። ተውሶ የሚመነኩስ እያሉ ስንት ጊዜ ሳቁብህ። እኔም አብሬ ስቄአለሁ፤ ባሌ ከሞት ተመልሶልኝ ለምን አልስቅ።

ሳቁ ሲያበቃ ጥያቄው መጣ። ነፍሳቸውን ይማርና አባትህ ሽማግሎቹን አስቀምጠው ምን ሆነህ መጣህ አሉህ። ዳኛ ሆነሃል? አልሆንሁም አልህ። ሐኪም? አይደለሁም። የእርሻ ባለሙያ? መንገድ የሚቀይስ? እሱም አይደለሁም አልህ። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ ተማርሁ ብለህ ነገርሃቸው። አገራችን ትምህርት ቦታውን ይዞ ነው የሚመጣ፤ ቅዳሴ የተማረ ይቀድሳል፣ ድጓ የተማረ ማኅሌት ይቆማል። ያንተው የት ነው የሚቆም? ከሽማግሎቹ አንዱ አዝነውልህ ቅኔ የተማረስ ምን ሠርቶ ይበላል፣ አእምሮውን ሊከፍት ነው እንጂ ብለው ደገፉህ። አባትህ ግን የቅኔ ተማሪ ለምኖ ነው የሚማር፣ ይህን እኛ በሬ ሸጠን ነው ያስተማርነው አሉ። አንተ አቀርቅረህ ሰማሃቸው። ከዚያ ወዲያ ዲግሪህን ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ጀመር። ሰው ግን አያፍርም፤ አንዱ የመሬት ክርክሩን፣ አንዱ የታመመች ልጁን ይዞ ከደጃችን አይጠፋም ነበር። መድኃኒት የለኝም ስትላቸው ደብቆ ነው እያሉ ይሄዳሉ።

እኔም አንድ ቀን ምስር እየለቀምሁ ጠየቅሁህ። አልሳቅህብኝም። አጠገቤ ቁጭ ብለህ ከምስሩ ጠጠር እያወጣህ ነገርኸኝ። ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያየው የሚውጠው ነገር አለ አልኸኝ፤ ጌታው ለምን ጌታ ሆነ፣ ድኻው ለምን ድኻ ሆነ፣ እውነት ነው የምንለውን ማን ነገረን። እኔ የተማርሁት ከመዋጤ በፊት ማየትን ነው፣ ሌላ ሙያ የለኝም አልህ። ሙያ ያለውም ሁሉ፣ ሐኪሙም ዳኛውም፣ ይህን ካልተማረ ሙያው የጌታው መሣሪያ ይሆናል አልህ። እኔ መቼ ዝም እላለሁ፤ አእምሮ ተከፈተ ብሎ ሆድ ይሞላል ወይ፣ ክፍትና ባዶ ጎተራ ውስጥ ነፋስ ነው የሚገባ አልሁህ። እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። አባቴም ከዚህ የተሻለ አልሞገተኝም ብለህ የምስሩን ሰፌድ ከጭኔ ላይ አነሣህልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ከነገርኸኝ ያልገባኝ ይበዛል። ሳቅህን ግን ወድጄዋለሁ። አሁንም የምናፍቀው እሱኑ ነው።

አስተማሪ ሆንህ። ሌላ ምን ትሆናለህ! ትልቅ ከተማ እንመድብህ ሲሉህ አገሬን አልህና ሰቆጣ ተቀመጥህ። ልጆቹን ፊደልና ቁጥር ብቻ መቼ አስተማርሃቸው፤ ጥያቄ አስለመድሃቸው። አንደኛው ቤቱ ገብቶ አባቱን «ለሞቱት ተዝካር በሬ ስናርድ በሕይወት ያለነው ለምን እንራባለን?» ብሎ ጠየቀው አሉ። አባትየው በትሩን ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣብህ። ልጄን ቁጥር አስተምርልኝ ብዬ ብሰጥህ ቤቴን ሸንጎ አደረግህብኝ አለህ። አንተ ና ግባ ብለህ ከልጆቹ መሐል አስቀመጥኸው፤ ልጁ ያነሣውን ጥያቄ ለእሱው መልሰህ ጠየቅኸው፣ ልጆቹም በየተራ ሲከራከሩ ሲሰማ ዋለ። ሲወጣ በትሩን ረስቶት ሄደ። ያን በትር ለእኔ አምጥተህ ደሞዜ ነው ብለህ ስትስቅ አሁንም ይታየኛል። በዚያ በትር ስንት ጊዜ ውሻ አባርሬአለሁ።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። ቀድሞ የተነሣው ቆላው ነው። እዚሁ ከሰቆጣ በታች ዝቋላ ፍየሉ አለቀ፣ ማሽላው በቁሙ ደረቀ፤ ጎረቤቱ ሰሃላም እንዲሁ። ሰዉ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ወደ ሰቆጣ ወጣና መንገድ ዳር ተቀመጠ። መለመን የማያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። እኔ ስደብቅ አንተ ስታወጣ የእኛም ጎተራ ተራቆተ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በእነሱ መሐል ነበር የምታልፈው። ማታ ስትመለስ ራትህን ፊትህ አኑረህ ታየዋለህ። ያን ጊዜ እንዳትታመም ነበር የምፈራው። ሌላም ነገር መፍራት እንደ ነበረብኝ አላወቅሁም።

ከላይ አንድ ትልቅ ሰው አገር ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። መንገዱ ተጠረገ፣ ውኃ ተረጨ፣ ቄጤማ ተጎዘጎዘ። እነዚያ መንገድ ዳር የተቀመጡት ሰዎች በዋዜማው ተነድተው ወንዙን ተሻገሩ። እንግዳ እንዲህ ነው የሚቀበሉት ተባለ፣ ቤቱን ጠርጎ። የአቀባበሉን ንግግር ማን ያሰማ ሲባል ዲግሪ ያለው እሱ ነው ብለው አንተን መረጡህ። አባትህ ያን ቀን እንዴት ደስ አላቸው! ለካ ለዚህ ነው የተማረው አሉ። ጋቢህን አጥቤ አለበስሁህ። እንግዳው ከመኪናቸው ወርደው ከዳሱ ሥር ተቀመጡ። አንተ እጅ ነሣህ፣ እንደ ወጉ እንኳን ደኅና መጡ አልህ፤ ከዚያ የሚጠበቅብህን ውዳሴ ሁሉ ትተህ ይህን ብቻ ተናገርህ፦ «ጌታዬ፣ እስከ ትናንት በዚህ መንገድ ዳር ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ዛሬ የት እንደ ሄዱ ይጠይቁልን።»

ሌላ ቃል አልጨመርህም። ሄደህ ተቀመጥህ። የሰቆጣ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ ወንዙ ማዶ ናቸው ለማለት ጣት መቀሰር ይበቃ ነበር። የቀሰረ የለም። እንግዳውም አልጠየቁም። አባትህ ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ይዘው መሬት መሬት አዩ። ልጆቹ መዝሙር እንዲጀምሩ ታዘዙ።

ሳምንት ሳይሞላ ዝቋላ ወርደህ አስተምር የሚል ትእዛዝ መጣልህ። ትምህርት ቤት በሌለበት፣ ሰው ሁሉ ጥሎት በወጣ አገር! ታመምሁ ብለህ ቅር ብዬ ለመንሁህ። አንተ ግን ሰዎቹ የመጡት ከዚያ ነው፣ የቀሩትን አያለሁ ብለህ በእግርህ ወረድህ። ሲመልሱህ በቃሬዛ ነበር። ተስቦ ነው አሉ። የተሸከሙህ ሰዎች እንደ ነገሩኝ አንድም ልጅ አላስተማርህም፤ መማር የሚችል ጉልበት ያለው ልጅ አልነበረም። ውኃ ስታጠጣ፣ የሞተ ስትቀብር ነው የከረምህ። ለመቅበሩማ ዲግሪ አይጠይቅም ነበር፣ የዝናሽ አባት። ዶማ ይበቃ ነበር። ቤትህ ገብተህ አላወቅኸንም። ግንባርህ ይፈጃል፤ እኔ ጨርቅ ነክሬ ከማስቀመጥ በቀር የማውቀው የለኝም። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብህ ሰውዬ ለራስህ የምትሆን አንዲት መድኃኒት አታውቅም። እንዲያው በዝምታ ሄድህ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ተናድጄብሃለሁ። የተማረ ይግደለኝ ይላል ያገራችን ሰው፤ የተማረው ሲገደልስ ምን ይባላል? ጥያቄህ አንዲት ቁና እህል አላመጣም። ወንዝ ከተሻገሩት አንዱን አልመለሰም። እህሉ ሲመጣም አንተ ስለ ጠየቅህ አልመጣም፤ ዘግይቶ፣ ከሌላ በኩል፣ በሌላ ሰው ወሬ መጣ። ሐኪም ብትሆን በመርፌህ አንድ ሰው ይተርፍ ነበር። መንገድ የሚቀይስ ብትሆን እህል የጫነ መኪና ያልፍበት ነበር። አንተ ግን ጥያቄ ሠራህ፤ የሠራኸውም ነገር ነፋስ ይዞት ሄደ። ይህን እያሰብሁ ነው የማድረው። እናትህ ቢሰሙኝ ይራገሙኛል።

ይህን ሁሉ ለዝናሽም አልኋት። ልጅቱ ያው ልጅህ ናት፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ አንዱን ስትመልስላት ሁለት ትጠይቃለች፣ አንተም እያበረታታህ አበላሸኻት። ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ያን ቀን ከዳሱ ሥር ማን ማን ነበር አለችኝ። ሰቆጣ ሙሉ ነበር አልኋት። «እንግዲያው አባቴ እንደ ተቀመጠ ሌላ ሰው ተነሥቶ ያንኑ ቢጠይቅ፣ ከዚያም ሌላው ቢነሣ፣ ሁሉንም ዝቋላ ይልኳቸው ነበር?» አለችኝ። ትምህርቱ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ አባቴ ብቻውን መማሩ ነው፤ እኔ ብጨመር ሁለት እንሆናለን አለች። እጇን እንዳንተው እያወናጨፈች ነው የምትናገር። ይህ ሙግት ከማን እንደ ወረደ አውቀዋለሁ ብያት ወደ ጓሮ ወጣሁ።

እዚያ ጓሮ ቆሜ ነው የገባኝ። ላንተ ብቻ ልንገርህ፣ ለአያ ኃይሉ አልናገረውም። ያን ቀን በምስሩ ሰፌድ ላይ ጎንበስ ብለህ የነገርኸኝ ይህን ነበር። ያ ትምህርት ለአንድ ሰው እንጀራ ሊሆን የተሠራ አይደለም። እንዳንተ ያለው ሲነሣ አብሮት የሚነሣ እንዲኖር ነው፤ ብዙ ሰው ሲያየው ነው የሚሠራው። ልጅቱ ልክ ናት፣ አንተም ልክ ነበርህ። እኔ ግን እናት ነኝ። ሁለት ሆናችሁ ሰቆጣ ሙሉ እስክትሆኑ ድረስ ስንት ቃሬዛ በዚህ ደጅ ይገባል? ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወሬም ደግ አይደለም፤ ተማሪው በየጎዳናው ነው ይላሉ። ነገሩ ባይገባኝ ኖሮ ትሂድ እል ነበር መሰለኝ። ስለ ገባኝ ነው የፈራሁት።

ትናንት ጠዋት ጠርቻት ነርስነቱን ትማሪያለሽ አልኋት። ለምን ብትለኝ የምመልሰውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ የአጎቷን ነገር፣ የአያቷን ዓይን፣ የአዲስ አበባውን ሁከት፣ ያንተን መቃብር። ብትከራከረኝ እንደምሸነፍም አውቄዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ እንድትከራከረኝ ፈልጌ ነበር። ዝናሽ አቀርቅራ ሰማችኝ፤ «እሺ እማዬ» አለች፤ እንስራውን አንሥታ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የምላትን ትሠራለች፣ ስጠራት አቤት ትላለች፣ ለአያ ኃይሉም እጅ ነሥታ አመስግናቸዋለች። እሳቸው ደስ ብሏቸው ልጅቱ ሰው ሆነች አሉኝ። እኔ ግን ቤቱ ውስጥ ሰው ጠፍቶብኛል።

እንግዲህ ይቅር በለኝ፣ የዝናሽ አባት። እስክከተልህ ድረስ አልረሳህም፤ መጻሕፍትህን ምስጥ ቢጨርሳቸው፣ ሰቆጣ ስምህን ቢረሳው እኔ አልረሳህም። ያን ጥያቄህንም እንደ ተናገርኸው፣ ቃል ሳላጎድል እይዘዋለሁ። በዚህ ቤት ከእንግዲህ የሚጠይቅ ሰው የለምና።

የዝናሽ እናት